ፍሬን መመጠኛ፦ ስለ አንዲት ትንሽ ሳጥን ስም

«የኤሌክትሪክ ተጎታች ብሬክ ተቆጣጣሪ»። ይህን ሐረግ ከውጭ በመጣ የመኪና ዕቃ ካርቶን ላይ ተለጥፎ ሳየው የተርጓሚ ጥድፊያ ነው ብዬ አለፍኩት። ቆይቶ በሻጮች ማስታወቂያ ላይ ብቅ አለ። አሁን ደግሞ ዕቃው በፎር ዊል ድራይቭ መኪና ላይ እንዴት እንደሚገጠም የሚያስረዱ ጽሑፎች ዓይናቸውን ሳያሹ ይጠቀሙበታል። አራት ቃላት ናቸው፤ አንዱ ያለ ቦታው የገባ፣ አንዱ ሰው ከለመደው የራቀ፣ አንዱ ሌላ ነገር የሚል፣ አንዱ ደግሞ ዕቃን ሰው ያደረገ። ስም አንዴ ከተለመደ ማስለቀቁ ጣጣ ነውና ሳይለመድ እንነጋገርበት።

ዕቃዋን አንባቢ በግማሽ ያውቃታል፤ ግማሹን ልጨምር። ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የወረደ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጋሞ ደጋ ተነስቶ በ37 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለው የስምጥ ሸለቆ ይወረዳል። አንድ ላንድክሩዘር ጀልባ፣ ጄኔሬተር ወይም የውሃ ታንክ የተጫነበት ተሳቢ አስከትሎ እዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ ተሳቢው አይሰማውም። ከኋላ ይገፋል፤ ኩርባ ላይ ሲደርስም ጭራውን ይወረውራል። ስለዚህ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ያስፈልገዋል። ከባድ የጭነት መኪናዎች ይህን በአየር ፍሬን ከፈቱት ቆይተዋል። አውሮፓውያን ለቀላል ተሳቢ የሚመርጡት ተሳቢው ወደ ፊት ሲገፋ ግፊቱ ራሱ ፍሬኑን እንዲያስይዝ ማድረግን ነው። አሜሪካኖችና አውስትራሊያውያን ደግሞ ኤሌክትሪክ ይጠቀማሉ። በተሳቢው ታምቡር ውስጥ ማግኔት አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው በሚሽከረከረው ታምቡር ላይ ይለጠፋል፣ አብሮ ሊዞር ሲል ዘንግ ይስባል፣ ዘንጉም የፍሬኑን ሸራ ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃል። ለማግኔቱ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚሄድ የምትወስነው ግን ሾፌሩ ጉልበት አጠገብ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር የምትገጠም አንዲት ትንሽ ሳጥን ናት። ስም ያጣነው ለእሷ ነው።

ከመጨረሻው ቃል ልጀምር። ተቆጣጣሪ በአማርኛ ሰው ነው። አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ቲኬት ያያል፤ ግንባታ ቦታ ቆሞ ሲሚንቶው በልኩ መግባቱን ያረጋግጣል፤ ደመወዝ ይከፈለዋል፣ አበል ሲዘገይበት ያጉረመርማል። ዕቃ ሲሆን መቆጣጠሪያ እንላለን። ቋንቋው ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጸሐፊ አለ፣ መጻፊያ አለ፤ ቆራጭ አለ፣ መቁረጫ አለ። የዶርዜ ሸማኔ ማጉን በድሩ መካከል የሚያሾልክበትን ዕቃ መወርወሪያ ይለዋል እንጂ ወርዋሪ አይለውም፤ ወርዋሪው ሸማኔው ነው። «ተቆጣጣሪ ከዳሽቦርድ ሥር ግጠም» የሚል መመሪያ የሚያነብ ገጣሚ፣ ተቆጣጣሪው እዚያ ጠባብ ቦታ ምን ሊሠራ ገባ ቢል አይፈረድበትም።

መቆጣጠሪያ ብንለውስ? ይህኛው ቢያንስ ሰዋስዉ የተስተካከለ ነው። ሥሩም ጥሩ ታሪክ አለው። ተቆጣጠረ የቆጠረ ዘር ነው፤ ሰው የሚቆጣጠረው መጀመሪያ የቆጠረውን ነው። የሚገርመው የእንግሊዝኛው ኮንትሮልም ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ፣ ሒሳብ የሚመሳከርበትን ሁለተኛ መዝገብ የሚያመለክት ቃል መሆኑ ነው። ሁለቱ ሳይተዋወቁ ከሒሳብ ቤት ወጥተዋል። መገጣጠሙ ያስደስታል፤ ለኛ ጉዳይ ግን አይበጅም። ሳጥኗ ሒሳብ አትይዝም፣ መዝገብም አታመሳክርም። ደግሞም መቆጣጠሪያ ሁሉን ስለሚል ለይቶ የሚለው የለውም። ቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ አለው፣ ፋብሪካ መቆጣጠሪያ ክፍል አለው፣ ወባም ዋጋም ድንበርም ቁጥጥር አላቸው። አዲስ ስም ስንሰጥ ዕቃው የሚሠራውን ሥራ ቢነግረን ይሻላል።

ወደ ብሬክ ልለፍ። እንግሊዝኛ መኪና የሚያቆመውንና ከሥራ የሚያሳርፈውን በአጻጻፍ ይለያቸዋል። በፊደላችን ሲገቡ ግን ሁለቱም ያው ብሬክ ናቸው። በአዲስ አበባ ቢሮዎች «ብሬክ ላይ ነው» የተባለ ሠራተኛ ሻይ እየጠጣ ነው። ፍሬን ግን እንዲህ ዓይነት ጣጣ የለበትም፤ ሊስትሮውም ሚኒስትሩም አንድ ነገር ይረዱበታል። ቃሉ ከጣልያንኛ ነው። ከማርሽ፣ ከፍሪሲዮን፣ ከካምቢዮ፣ ከጎማ፣ ከቸርኬ፣ ከባሌስትራና ከፍሬቻ ጋር አብሮ ገብቶ፣ መኪና ራሱም የመጣበትን መንገድ ተከትሎ፣ አማርኛ ከሆነ ቆይቷል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራ ከተወን ነገሮች መካከል ምናልባት ቅር ሳይለን የያዝነው ይህን የጋራዥ መዝገበ ቃላት ነው። ፍሬን ላይ የተሠሩትን አባባሎች ደግሞ ማንም ጣልያን አላስተማረንም። ፍሬን ይያዛል፤ ፍሬን እምቢ ይላል፤ ፍሬን ይበጥሳል፤ አፉን የማይሰበስብ ሰው ደግሞ ፍሬን የለውም። እንዲህ የተዛመደንን ቃል ገፍቶ ብሬክን ማስገባት ከአንድ ባዕድ ወደ ሌላ ባዕድ መሄድ ብቻ ነው፤ ያውም ሠርቶ የኖረውን አሰናብቶ።

እዚህ ላይ ሌላው ጎራ ይነሳብኛል፤ ፍሬንም ይውጣ፣ ልጓም እንበል የሚለው። ልጓም ያማረ ቃል ነው፤ ፈረስ የገራ ሕዝብ ቃል ነው። ነገር ግን ጣልያኖች ፍሬኖ የሚሉት ራሱ ልጓም ማለት ነው፤ ከላቲኑ ፍሬኑም፣ የፈረስ አፍ ከሚገባው ብረት የተወረሰ። ስለዚህ ፍሬን ስንል ሳናውቀው ልጓም ስንል ነው የኖርነው። የኛ ልጓምም ብቻውን የተወለደ አይደለም፤ ከዐረቦቹ ሊጃም ጋር ዘመድ ነው። ንጹሕ ቃል ፍለጋ የወጣ ሰው ሥር በቆፈረ ቁጥር ጎረቤት ያገኛል። ፍሬን ይቀመጥ።

ከልጓም የሚሻለው ተፎካካሪ መግቻ ነው። ገታ ጥሩ ግስ ነው፤ የሚሮጠውን መያዝ፣ የሚገነፍለውን ማብረድ በውስጡ አለ። የአርባ ምንጭ ሰው ይህን ግስ ከመዝገበ ቃላት አይማርም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የቡራዩ ግድያ ወሬ ደርሶ ወጣቶች ለበቀል ሲነሱ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩላቸው፤ ወጣቶቹም ሽማግሌዎቹን አልፈው አልሄዱም። አማርኛ ለዚህ የሚሰጠው ግስ ገታ ነው። ታዲያ «የተሳቢ መግቻ» ለምን አንልም? ምክንያቱ አንድ ፊደል ነው። ገታ መግቻን ይወልዳል፤ ገጨ ደግሞ መግጫን። ቸ እና ጨ በጋራዥ ጫጫታ መካከል፣ በስልክ፣ ወይም ተሯሩጦ በተጻፈ ደረሰኝ ላይ ይምታታሉ። ከአደጋ የሚያድን ዕቃ ስሙ ከአደጋው በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ ከሆነ ሌላ ስም መፈለግ ነው።

ተጎታችና ተሳቢ ደግሞ የቆየ ክርክር አላቸው። ሁለቱም አማርኛ ናቸው፤ ሁለቱም ይሰማሉ። ጎተተ ውስጥ ግን እምቢታ አለ፤ የሚጎተት ነገር ወደ ኋላ የሚል፣ የከበደ፣ የተበላሸ ነው። ጎታታ የሚለው ስድብም ከዚያው ሥር ነው። መንገድ ላይ ሞተሩ ጠፍቶ በገመድ የሚሄደውን መኪና ተጎታች ብንለው ትክክል ነው። ለመጫን ተሠርቶ ጤናማ ሆኖ የሚከተለው ግን ተሳቢ ነው። ሾፌሮች የሚሉት እንዲሁ ነው፤ የአደጋ ዜና የሚያነቡልን ጋዜጠኞችም «ከነተሳቢው» እንጂ «ከነተጎታቹ» ሲሉ እምብዛም አልሰማሁም።

ተሳቢ ላይ የሚነሳው ብቸኛ ቅሬታ ብዙ ሥራ ደርቦ መያዙ ነው። ጫሞ ሐይቅ ዳር ላደገ ልጅ ተሳቢ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው አዞ ነው፤ የሳይንስ መጽሐፉ አዞን ከተሳቢ እንስሳት መድቦ አስተምሮታል። የአማርኛ መምህሩ ደግሞ «አበበ በግ ገዛ» ብለው በጉን ተሳቢ አሉት። ይሁንና ሦስቱ ተሳቢዎች አይጋጩም፤ አዞው በሐይቅ፣ በጉ በዓረፍተ ነገር፣ ጋሪው በመንገድ ነው። እንዲያውም የሰዋስዉ ቃል ለመኪናው ልክክ ይላል። ባለቤት አለ፣ ተሳቢ አለ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ማሰሪያ አለ፤ ማሰሪያው ካልጠበቀ ሁለቱም ገደል ይገባሉ።

ኤሌክትሪክ የሚለውን ማንም አይቃወምም፤ ጥፋቱ አቀማመጡ ላይ ነው። «የኤሌክትሪክ ተጎታች» ሲባል ተሳቢው ራሱ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ይመስላል፤ ኤሌክትሪክ መኪና በበዛበት በዚህ ዘመን ደግሞ አንባቢ እንዲያ ብሎ ቢረዳ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ኤሌክትሪክ የሆነው ፍሬኑ ነው። ስለዚህ መግለጫው ከሚገልጸው ጎን ይቀመጥ፦ የተሳቢ ኤሌክትሪክ ፍሬን። የአየር ፍሬንም የኤሌክትሪክ ፍሬንም በሚሠራበት ጋራዥ ለመለየት ይጠቅማል። መለየት ካላስፈለገ ግን ይቅር፤ ስም ባጠረ ቁጥር በአፍ ይኖራል።

ዋናው ጥያቄ እንግዲህ ሳጥኗ ምን ትሠራለች ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ ባለ አንድ ጋራዥ ስትገጠም ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወጣቱ ኤሌክትሪሺያን ከመሪው ሥር በጀርባው ተኝቷል፤ ደረቱ ላይ ካስቀመጣት ሳጥን አራት ሽቦ ወጥቷል። ጥቁሩ ከባትሪው 12 ቮልት ያመጣል፣ መሐሉ ላይም ፊውዝ አለው። ነጩ ወደ ቦዲው ይታሰራል። ቀዩ ፍሬን ሲረገጥ ከሚበራው የኋላ መብራት መስመር ጋር ይገናኛል። ሰማያዊው ወፍራም ነው፤ እስከ ተሳቢው ማግኔት ድረስ ይሄዳል። ባለመኪናው ሽማግሌ መሪው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

«ጋሼ፣ ፍሬኑን አንዴ ይርገጡልኝ» አለ ወጣቱ።

ረገጡ። ቴስተሩ በራ።

«ቀዩ ገባ። የቀረን ሰማያዊው ነው። ኮንትሮሉ ወደ ተሳቢው የሚልከው በሱ ነው።»

«ስንት ይልካል?»

«እርስዎ በረገጡት መጠን ነዋ።»

ወጣቱ ዕቃዋን ኮንትሮል ማለቱን አልደብቅም። ጋራዥ ቤት አጭር ቃል ይፈልጋል፤ ካልሰጠነው ካገኘበት ይወስዳል። ሥራዋን ሲያስረዳ ግን ኮንትሮልን ትቶ መጠን አለ። ያለው ነገር በትክክል የዕቃዋ ጠባይ ነው። ጥሩዎቹ ሳጥኖች በውስጣቸው የመኪናው ፍጥነት ምን ያህል ቶሎ እንደሚቀንስ የሚለይ መሣሪያ አላቸው፤ ሾፌሩ ቀስ ብሎ ከያዘ ለተሳቢውም ቀስ ይሰጣሉ፣ ድንገት ከረገጠ ድንገት ይሰጣሉ። ርካሾቹ ይህን አያውቁም፤ ፍሬን ሲረገጥ ጊዜ እየቆጠሩ ኃይሉን ሾፌሩ አስቀድሞ እስከ ወሰነው ልክ ድረስ ያሳድጋሉ። በሁለቱም ላይ ሾፌሩ እንደ ጭነቱ ክብደት ልኩን የሚያስተካክልበት ማዞሪያ አለ፤ ባዶ ተሳቢ ብዙ ከተሰጠው ጎማው ይቆልፋል፣ ሙሉው ጥቂት ከተሰጠው ይገፋል። ተሳቢው ጭራውን ማወዛወዝ ሲጀምርም የመኪናውን ፍሬን ሳይነኩ የተሳቢውን ብቻ በእጅ ማስያዝ ይቻላል። የዕቃዋ ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ መመጠን ነው።

ስለዚህ ስሟ «የተሳቢ ፍሬን መመጠኛ» ይሁን። በዕለት አነጋገር ደግሞ «ፍሬን መመጠኛ» ይበቃል።

ለመጠነ የምሟገተው ቃሉን ስለወደድኩት ብቻ አይደለም። ይህ ሥር ዘመናዊ ሥራ ተሰጥቶት አያውቅም የሚል ካለ ምጣኔ ሀብትን ይይ። ኢኮኖሚ የሚለው ቃል በአፍ ቢበረታም ምጣኔ ሀብት ሲባል ግራ የሚገባው ጋዜጣ አንባቢ የለም። የቤተሰብ ምጣኔ ደግሞ ከዚያም አልፎ በጋሞ ዞን ቀበሌ ጤና ኬላዎች ሁሉ የሚነገር ሆኗል። ተመጣጣኝ ዋጋ የሚለውን ነጋዴ ሁሉ ይለዋል። መጥኖ መደቆስ የሚለውን ከእናቱ ያልሰማ ማን አለ? አዲሱ ቃል እንግዳ ሆኖ አይመጣም፤ ወንድሞቹ ቀድመው ገብተዋል። ሁለቱ መ ተከታትለው መምጣታቸው ጆሮ ይከብዳል የሚል ካለም መመሪያ፣ መመዘኛና መመገቢያ ለማንም አልከበዱም።

ሌላም ሐሳብ ሰምቻለሁ። ፍሬን የሚያዝ ከሆነ የሚያስይዘው ዕቃ «ፍሬን ማስያዣ» ቢባልስ ይላሉ። ሰዋስዉ ያስኬዳል። ችግሩ ማስያዣን ባንኮች ቀድመው ወስደውታል፤ ቤትና መኪና ለብድር ማስያዣ ይሆናሉ። «ላንድክሩዘሩ ማስያዣ አለው» ብትል ሰሚህ መኪናው ዕዳ አለበት ብሎ ይሸሻል። «ፍሬን መጣኝ» የሚሉም አሉ፤ ዕቃዋ ራሷ ስለምትመጥን እንደ ተሽከርካሪ ሁሉ የአድራጊውን መልክ ትያዝ ባዮች ናቸው። ይህ ክርክር ክብደት አለው። ነገር ግን ማዞሪያውን ይዞ ልኩን የሚወስነው ሰው ነው፤ ሳጥኗ ያለ እሱ ጭነቱ ስንት እንደሆነ አታውቅም። መጣኙ ሾፌሩ፣ መመጠኛዋ ሳጥኗ ብትሆን ኃላፊነቱም በቦታው ይቀመጣል።

ቃል የሚፈጥሩ ሰዎች ቢሮ ተቀምጠው ሲጽፉ ምን እንደሚመጣ ደግሞ የአርባ ምንጭ አካባቢ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፋኛንና ዳውርኛን አንድ ላይ ፈጭቶ «ወጋጎዳ» የሚል ቋንቋ ለማውጣት ተሞከረ። ስሙ ከአራቱ ስሞች ተቆርጦ የተሰፋ ነበር፤ መማሪያ መጽሐፍም ታተመበት። በተለይ ወላይታ ውስጥ በ1992 ዓ.ም. ከባድ ተቃውሞ ተነስቶ ደም ፈሰሰበት፤ መጽሐፎቹም ተሰበሰቡ። ያ ጉዳይ ከአንድ ሳጥን ስም ጋር በክብደት አይወዳደርም። ትምህርቱ ግን ያው ነው፤ ሰው የሚናገረውን ሳያዳምጡ ከላይ የሚሰፉት ቃል አይለበስም።

በተቃራኒው ደግሞ ሰምሮላቸው የኖሩ አሉ። በአብዮቱ ዘመን ለአዳዲስ ሐሳቦች ከግእዝ ከተዋቀሩት ቃላት መካከል ርዕዮተ ዓለም፣ ኅብረተሰብ፣ ንድፈ ሐሳብ ዛሬም በየዕለቱ ይሠራሉ፤ በጊዜው ሲያስጨንቁ የነበሩ የሌሎቹን ስም ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚም ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ራሱን የቻለ መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት ብዙ ደክሟል። ሆኖም ጋራዥ ቤት ድረስ የዘለቀው ከዚያ ድካም ጥቂቱ ነው፤ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅና ከመሪ ሥር የሚተኛ ሰው እምብዛም አይገናኙምና። አማርኛን የሚጠብቀው ፍሬንን ከአገር ማባረር አይደለም። ሳበ፣ ያዘ፣ መጠነ የሚሉት ግሶቹ አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ሥራ እንዲያገኙ ማድረግ ነው። ሥራ ያጣ ግስ ይሞታል፤ ቦታውን ኮንትሮለር ይይዘዋል። አርባ ምንጭ ላይ ደግሞ ብዙው ሰው አማርኛን የሚናገረው በጋሞኛ ላይ ደርቦ ነው። ለእሱ ከሚያውቀው ግስ የወጣ ቃል ሁለት ጊዜ ይጠቅመዋል፤ ዕቃውንም ቋንቋውንም አንድ ላይ ይይዛል።

ለመመሪያ ተርጓሚዎችና ለማስታወቂያ ጸሐፊዎች በመዝገበ ቃላት መልክ ላስቀምጠው።

የተሳቢ ፍሬን መመጠኛ (ሲያጥር፦ ፍሬን መመጠኛ)፦ በሳቢው መኪና ጋቢና ውስጥ ተገጥሞ፣ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ለተሳቢው ኤሌክትሪክ ፍሬን የሚደርሰውን ኃይል የሚመጥን ዕቃ። የመኪናውን ፍጥነት መቀነስ እያየ የሚሠራው «አመጣጣኝ»፣ ጊዜ እየቆጠረ የሚሠራው «በጊዜ የሚጨምር» ይባላል። ልክ ማስተካከያው «የመጠን ማዞሪያ» ነው። አጠቃቀም፦ «ጭነት ስትጨምር የፍሬን መመጠኛውን ከፍ አድርግ።» «ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት መመጠኛውን ሞክረው።»

አንድ ቃል ቀርቶናል፤ እሱም ቶሎ ካልደረስንበት ያሳፍረናል። በአውስትራሊያ ጠቅላላ ክብደቱ ከ750 ኪሎ የሚበልጥ ተሳቢ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው፤ ከ2,000 ኪሎ ካለፈ ደግሞ ማሰሪያው ተበጥሶ ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑን በራሱ ባትሪ የሚያስይዝ ተጨማሪ ዕቃ ያስፈልገዋል። ይህን ዕቃ «የብጥስ ፍሬን» ማለት አይቻልም፤ ፍሬን የበጠሰ መኪና ሌላ ጉድ ነው። የኔ ሐሳብ «የመላቀቅ ፍሬን» ነው፤ የተሻለ ያለው ያምጣ። ግን ይቸኩል፤ ያ ካርቶን ላይ የሚለጥፈው ተርጓሚ አልተኛም፣ መዝገበ ቃላቱን ገልጦ «የተገንጣይ ተጎታች ብሬክ» ብሎ ከጻፈው መኪናውን የሚፈትሸው ጋራዥ ብቻ አይሆንም።